የትናንሾቹ ወታደሮች ቍጥር

ልጆች የሚያድጉበት ቤት ሁሉ አንድ ቀን ጦር ሜዳ መሆኑ አይቀርም። የእንጨት ቍራጭ ጠመንጃ ይሆናል፤ ትራስ ምሽግ ይሆናል፤ ከማድ ቤት የተወሰደ የድስት ክዳን ጋሻ ይሆናል። ይህን ያላየ ወላጅ የለም። ዛሬ ልንናገርበት ያሰብነው ግን ከዚህ የልጆች ጨዋታ ከፍ ያለ፣ ትልልቅ ሰዎችም ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚያዘወትሩት፣ ትዕግሥትንና ንባብን የሚጠይቅ አንድ ሥራ ነው። ይኸውም ከብረት ወይም ከፕላስቲክ የተሠሩ ትናንሽ ወታደሮችን በየማዕረጋቸውና በየደንብ ልብሳቸው ቀለም መቀባት፣ በየሻምበላቸውና በየሻለቃቸው ማሰለፍ፣ ከዚያም በታሪክ የታወቀ ውጊያ በገበታ ላይ እንደ ገና እንዲዋጉ ማድረግ ነው።

ይህ ሥራ በምንኖርበት በለንደን ከተማ ወደ ቤታችን ከገባ አራት ዓመት ሆኖታል። ልጃችን ዐሥራ አንድ ዓመት ሲሞላው ጀመረው፤ ዛሬ ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ወዳጆቻችን ወደ ቤታችን መጥተው በጠረጴዛው ላይ የተሰለፈውን ሠራዊት ሲያዩ፣ አንዳንዶቹ ይደነቃሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ቅር ይላቸዋል። «ስለ ሰላም የሚጸልይ ቤተ ሰብ የጦርነት ጨዋታ ሊያኖር ይገባዋልን?» ብለው የጠየቁንም አሉ። ጥያቄው በቅንነት የቀረበ ስለ ሆነ በቅንነት ሊመለስ ይገባዋል። ስለዚህ የነገሩን አመጣጥ፣ የሥራውን አኳኋን፣ ከእርሱም ያገኘነውን ትምህርት በተራ እንጽፋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው፤ የአገራችንን አቈጣጠር ስንጠቅስ ዓ.ም. ብለን እናመለክታለን።

ጦርነትን በገበታ ላይ መጫወት አዲስ ነገር አይደለም። አያቶቻችን ሲጫወቱት የኖሩት ሰንጠረዥም ንጉሥ፣ ፈረስና እግረኛ ያለው የጦርነት ጨዋታ ነው። የአውሮፓም ሰዎች የጀመሩት ከዚሁ ነው። በ1780 በጀርመን አገር በብራውንሽቫይግ ይኖር የነበረው መምህር ሄልቪግ የሰንጠረዡን ገበታ እጅግ አስፍቶ፣ ቤቶቹ ሜዳ፣ ውኃ፣ ተራራና መንደር እንዲሆኑ በልዩ ልዩ ቀለም ለይቶ አዲስ ጨዋታ አወጣ። በ1812 ደግሞ ፎን ራይስቪትስ የተባለ የፕሩስያ ሰው ለንጉሡ ለፍሪድሪክ ቪልሄልም ሣልሳዊ እንደ ጠረጴዛ የተሠራ የጦርነት ገበታ አቀረበ። የመድፈኛ መኰንን የነበረው ልጁ በ1824 ይህንኑ አሻሽሎ በካርታ ላይ የሚሠራበት አደረገው። የፕሩስያ የጦር መምሪያ አለቃ የነበረው ጄኔራል ፎን ሙፍሊንግም ሥራውን አይቶ፣ ለመኰንኖች ትምህርት የሚጠቅም መሆኑን ተረድቶ፣ በሠራዊቱ ሁሉ እንዲሠራበት መከረ። እንግዲህ በአንድ ወገን ይህ የመኰንኖች ትምህርት ነበረ።

በሌላው ወገን ደግሞ የልጆች መጫወቻ ነበረ። የኑረምበርግ ከተማ አንጥረኞች ከቆርቆሮ ማዕድን ስስና ጠፍጣፋ ወታደሮችን እያወጡ በመላው አውሮፓ ይሸጡ ነበር። በ1893 በለንደን የዊልያም ብሪተን ቤተ ሰብ ውስጡ ባዶ የሆነ የእርሳስ ወታደር የሚሠራበትን ዘዴ አገኘ። የቀለጠው እርሳስ በቅርጹ ውስጥ ይፈስና ውጭው ሲረጋ ውስጡ ገና ፈሳሽ ሳለ ተገልብጦ ይወጣል፤ በዚህም ምክንያት ወታደሩ ቀላልና ርካሽ ሆነ። ሁለቱን ወንዞች ካገናኙት ሰዎች አንዱ ደራሲው ኤች ጂ ዌልስ ነው። በ1913 ትናንሽ ጦርነቶች የሚል መጽሐፍ አሳትሞ፣ በአሻንጉሊት ወታደርና የእንጨት ጥይት በሚተኩስ ትንሽ መድፍ እንዴት በሥርዓት መዋጋት እንደሚቻል አስተማረ። በመጽሐፉም መጨረሻ፣ እውነተኛው ጦርነት ከሰው አእምሮና ከሰው ሀብት በላይ የሆነ ከንቱ ነገር እንደ ሆነ፣ ጦረኞችም ይህን ጨዋታ ቢጫወቱ እንደሚሻል ተከራከረ። መጽሐፉ በታተመ በዓመቱ፣ በ1914፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በታንከኛ ክፍል ውስጥ የዘመተው ዶናልድ ፌዘርስቶን በ1962 ስለዚሁ ጨዋታ መጽሐፍ ጻፈ፤ ርካሹም የፕላስቲክ ወታደር በየሱቁ ስለ ተሸጠ ሥራው በብዙ አገር ተስፋፋ። እውነተኛውን ጦርነት በዐይኑ ያየ ሰው ወደዚህ ሥራ መመለሱ መጀመሪያ ላይ አስገርሞን ነበር።

አሁን ወደ ሥራው እንመለስ። ከሱቅ የመጣ ወታደር ወዲያው ለቀለም የተዘጋጀ አይደለም። እኛ የምንቀባቸው ከእግራቸው ጫማ እስከ ዐይናቸው 28 ሚሊ ሜትር ያህል ናቸው። ከቅርጹ ሲወጡ በጎናቸው ላይ ቀጭን ትርፍ ጠርዝ ይቀርባቸዋል፤ ይህ በትንሽ ቢላዋና በሞረድ ይነሣል። ከዚያም ቅባት እንዳይኖርባቸው ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ታጥበው ይደርቃሉ። እጅ እንዳይነካቸው እያንዳንዳቸው በጠርሙስ ክዳን ላይ ለጊዜው በሙጫ ይቆማሉ። ቀጥሎ ግራጫ ወይም ጥቁር የመሠረት ቀለም ይቀባል፤ ያለ መሠረት የተቀባ ቀለም ጥቂት ቆይቶ ይላጣልና።

ዋናው ቀለም በውኃ የሚቀጥን ነው። አንድ ጊዜ አወፍሮ ከመቀባት ሁለት ጊዜ አቅጥኖ መቀባት ይሻላል፤ ቀለሙ ሲወፍር የወታደሩን ጣቶችና የልብሱን ቍልፎች ይደፍናቸዋል። ተራውም ሰው ሲለብስ ከውስጥ ወደ ውጭ እንደሚለብስ ነው፤ መጀመሪያ ፊትና እጅ፣ ቀጥሎ ሱሪና ኮት፣ ከዚያ ነጭ የትከሻ ቀበቶ፣ የጀርባ ሻንጣ፣ በመጨረሻ ጠመንጃ። ሁሉ ሲደርቅ በብዙ ውኃ የቀጠነ ቡናማ ቀለም ይፈስበታል፤ ይህ ወደ ልብሱ እጥፋት ወርዶ ጥላ ይሆናል። ከፍ ከፍ ያሉት ስፍራዎች ደግሞ ጥቂት ብሩህ ቀለም ይነካቸዋል። ለዚህ ሁሉ እጅግ ቀጭኑን ብሩሽ የሚፈልግ ብዙ ነው፤ ጥቅም ያለው ግን ጫፉ የሾለ፣ ሆዱ ቀለም የሚይዝ ብሩሽ ነው። በመጨረሻ ቀለሙን የሚጠብቅ ቫርኒሽ ይቀባል፤ በእግሩም ሥር ሙጫና አሸዋ ተደርጎ መሬት ይመስላል።

አንዱን ወታደር ጨርሶ ወደ ሌላው ማለፍ ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ሰላሳና አርባውን ደርድረው፣ በአንድ ምሽት የሁሉንም ኮት፣ በሌላው ምሽት የሁሉንም ሱሪ ይቀባሉ። እንዲህም ሆኖ አንድ ሻለቃ ለመጨረስ ሦስትና አራት ሳምንት ይወስድብናል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው ነው። አምስት ደቂቃ ተረጋግቶ መቀመጥ የማይሆንለት የነበረው ልጃችን አሁን ከትምህርቱ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ እጁን ሳያንቀጠቅጥ ሲሠራ ማየት ለእኛ ትልቅ ደስታ ነው። ከአንድ ቅርጽ የወጡት ሁሉ መልካቸው አንድ ስለ ሆነ ግን ነገሩ አላስደሰተውም። አንዱን ጠጕሩን ቀይ፣ ሌላውን ፂሙን ሽበታም፣ ሌላውን ጕልበቱ ላይ የተጣፈ ሱሪ የለበሰ አደረገው። ይህን ማንም አላዘዘውም።

መቀባቱ ግማሽ ሥራ ነው፤ ሌላው ግማሽ ማደራጀት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ድሩ እንዴት እንዳበረ ማወቅ ግን ንባብ ይጠይቃል። ለምሳሌ በናፖሊዮን ዘመን፣ ከ1808 ድንጋጌ ወዲህ፣ የፈረንሳይ እግረኛ ሻለቃ ስድስት ሻምበል ነበረው፤ እያንዳንዱም ሻምበል ሙሉ ሲሆን 140 ሰው ይይዝ ነበር። ከስድስቱ አንዱ የተመረጡና ቀይ የትከሻ ጌጥ ያላቸው፣ አንዱ ደግሞ ፈጣኖችና አነጣጣሪዎች ነበሩ። የእንግሊዝ ሻለቃ ግን ዐሥር ሻምበል ነበረው። አብዛኛው የእንግሊዝ እግረኛ ቀይ ኮት ቢለብስም፣ የአንገትጌውና የእጅጌው ጫፍ ቀለም ሬጅመንቱን ይለያል። ይህን ሁሉ ሳያውቁ ብሩሽ ማንሣት አይቻልም።

የእውነተኛውን ሠራዊት ሰው ሁሉ በምስል ማቆም ስለማይቻል፣ በብዙ ቤት የተለመደው ሕግ አንድ ምስል 20 ሰው ይወክላል የሚል ነው። 840 ሰው የነበረው ሻለቃ በ42 ምስሎች ይቆማል ማለት ነው። በጨዋታው ላይ እርምጃው በማስመሪያ ይለካል፤ የተኩሱ ውጤት ስድስት ገጽ ባላት ዳይስ ይወሰናል፤ የተመታው ምስል ከገበታው ይነሣል። ልጃችን ይህችን የሃያ ማካፈል በቶሎ ለመደ። ማባዛቱን የተማረው ግን ቆይቶ ነው፤ ነገሩም እንዲህ ነበር።

በለንደን ቼልሲ በተባለው ሰፈር በሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ውስጥ የዋተርሉ ውጊያ ትልቅ ምስል አለ። የሠራው ዊልያም ሳይቦርን የተባለ የእንግሊዝ መኰንን ነው። ሥራውን በ1830 ሲጀምር ወደ ቤልጅግ ሄዶ በጦር ሜዳው ላይ በሚገኘው በላ ኤ ሳንት እርሻ ቤት ስምንት ወር ያህል ተቀምጦ መሬቱን ለካ። ከዚያም በሕይወት ለነበሩት መኰንኖች ደብዳቤ እየጻፈ፣ ማታ በአንድ ሰዓት ገደማ የት ቆማችሁ ነበር? በፊታችሁስ የነበረው ጠላት ምን ዓይነት ነበር? በስፍራው ላይ ምን እህል ተዘርቶ ነበር? ብሎ ጠየቃቸው። ብዙ መቶ መልስ መጣለት። መልሶቹ ሁልጊዜ አልተስማሙም፤ ይልቁንም የፕሩስያ ጦር በዚያ ሰዓት የት ነበረ የሚለው ጕዳይ ብርቱ ክርክር አስነሣ፤ ዌሊንግተንም በአሠላለፉ ደስ አላለውም። ሳይቦርን ከ70,000 በላይ ትናንሽ ወታደሮችን አቁሞ በ1838 ለሕዝብ አሳየ፤ ወጪው ግን በዕዳ ላይ ጣለው። እኛም በመስተዋቱ ፊት ለረዥም ጊዜ ቆመን ስናይ፣ አንድን ምስል በትክክለኛ ስፍራው ለማቆም ሰው ይህን ያህል መድከሙ፣ እውነትን መፈለግ በአሻንጉሊትም ነገር ቢሆን እንደሚያከብር አሰብን።

ከሙዚየሙ ስንመለስ ልጃችን ለመቀባት የመረጠው 27ኛውን የኢኒስኪሊንግ ሬጅመንት ነው። ስሙን ያገኘው በሰሜን አየርላንድ ካለችው ከተማ ነው። የአንገትጌው ቀለም የለፋ ቆዳ ይመስላል፤ ይህን ፈዛዛ ቀለም በትክክል ለማግኘት ነጭ፣ ቢጫና ቡናማ ስንቀላቅል ሁለት ምሽት አለፈ። በዋተርሉ ላይ የሬጅመንቱ ሰው 700 ገደማ ስለ ነበረ 35 ምስሎች ተቀቡ። ሰኔ 18 ቀን 1815 ይህ ክፍል ከላ ኤ ሳንት በላይ ባለው መስቀለኛ መንገድ አጠገብ እንዲቆም ታዘዘ። የፈረንሳይን ፈረሰኛ ለመከላከል በአራት ማዕዘን ተሰልፎ ስለ ነበረ ሰዎቹ ተጠጋግተው ቆመዋል፤ የእርሻው ቤት በፈረንሳዮች እጅ ከወደቀ በኋላ ደግሞ መድፉና የጠመንጃው ተኩስ ከቅርብ ያገኛቸው ነበር። ስፍራውን መልቀቅ አልተፈቀደላቸውም፤ አልለቀቁምም። ቀኑ ሲመሽ ከ470 በላይ ሞተዋል ወይም ቆስለዋል። በአጠገባቸው የተዋጋው ኪንኬድ የተባለው መኰንን፣ ሬጅመንቱ በአራት ማዕዘኑ እንደ ተሰለፈ ሞቶ ተኝቶ እንዳየው ጽፏል።

ይህን ውጊያ አንድ ቅዳሜ ማታ በገበታችን ላይ ተጫወትነው። ዳይስ ለልጃችን ስላደላችለት ከ35ቱ ዘጠኙ ብቻ ተነሡ፤ እርሱም ደስ አለው። ጨዋታው ሲያልቅ ዘጠኙን መልሰን አቆምንና፣ «የእውነተኛውን ቀን ቍጥር እንይ» አልነው። 470 ለሃያ ሲካፈል 24 ያህል ይሆናል። 24ቱን እርሱ ራሱ አስተኛቸው። ቀለማቸው እንዳይላጥ አንድ በአንድ በቀስታ ነበር የሚያስተኛቸው። ሽበታሙ ከወደቁት መካከል ነበረ፤ የተጣፈ ሱሪ የለበሰውም ነበረ። በመጨረሻ የቆሙት 11 ብቻ ሆኑ። ልጃችን ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «ሃያ አራት ጊዜ ሃያ» አለ። ከዚያ በኋላ ምንም አልተናገረም፤ እኛም አልጨመርንበትም።

በተከታዩ ክረምት፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን የዘመቱት አጎታችን ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን መጡ። ስለ ዘመቻቸው ብዙ የሚናገሩ ሰው አይደሉም። ገበታውን ሲያዩ ይቆጣሉ ብለን ሠጋን። እርሳቸው ግን መነጽራቸውን አድርገው፣ ወንበር ስበው ተቀምጠው፣ ሠራዊቱን ከዳር እስከ ዳር በጥሞና ተመለከቱት።

«ጐበዝ ነህ ልጄ። ሰልፉ አምሯል። ውኃው ግን የት አለ?» አሉ።

«የምን ውኃ አባባ?» አለ ልጃችን።

«የሚጠጡት ነዋ። ይህ ሁሉ ሰው በሰኔ ፀሐይ ቆሞ የሚውል ከሆነ ውኃ የሚያቀርብለት ማን ነው? ስንቁን የጫነው በቅሎስ? ቍስለኛውን የሚያነሣውስ የት አለ? እኛ በዚያ በረሃ ሳለን ከጥይቱ ይበልጥ የምናስበው ስለ ውኃ ነበር።»

ልጃችን መልስ አልነበረውም፤ እኛም አልነበረንም። በአሻንጉሊት ወታደር መሸጫ ቤት ሁሉ የሚተኩሰው በብዛት ይገኛል፤ የሚሸከመው፣ የሚያበስለውና የሚቀብረው ግን ፈልገው ካልሆነ አይገኝም። በሚቀጥለው ወር ልጃችን መጻሕፍቱን እንደ ገና አገላብጦ የስንቅ ጋሪ፣ የውኃ በርሜልና አንድ የቀዶ ጥገና ሐኪም ጨመረ። ሁለት ሴቶችም ቀባ። በዚያ ዘመን ወደ ውጭ አገር በሚዘምት የእንግሊዝ ሻምበል ውስጥ ስድስት ያህል የወታደር ሚስቶች ብቻ እንዲከተሉ ይፈቀድ ነበር፤ የሚሄዱትም በዕጣ ይመረጡ ነበር። ዕጣው ያልወጣላት ሚስት ልጆችዋን ይዛ በወደቡ ትቀር ነበር። ይህን ሲያነብ ልጃችን ለእናቱ እየጮኸ አነበበላት።

አጎታችን በዚያው ክረምት ስለ ዐድዋ አጫወቱት። የውኃውም ነገር እንደ ገና ተነሣ፤ በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ የኢጣልያን ምሽግ ያስለቀቀው ምንጩን መያዝ እንደ ነበረ፣ በዐድዋም ዕለት በእቴጌ ጣይቱ ትእዛዝ ሴቶች ለተዋጊው ውኃ እንዳቀረቡ ነገሩት። ልጃችንም ዐድዋን በገበታ ላይ ለማቆም ተመኘ። የዚያን ዘመን የኢትዮጵያና የኢጣልያ ወታደሮች ምስል የሚሠሩ ስላሉ ማግኘቱ አላስቸገረም፤ ያስቸገረው ቀለሙና ቍጥሩ ነበር። የኢጣልያ ወታደር የደንብ ልብስ አለውና ሠላሳውን በአንድ ምሽት መቀባት ይቻላል። የእኛ አርበኛ ግን ሁሉም በየለበሰው፣ በየጋሻውና በየሸማው ነው፤ እያንዳንዱ ለብቻው መቀባት አለበት። ቍጥሩን ስናሰላ ደግሞ 17,700 ያህል የነበረው የኢጣልያ ጦር 885 ምስል ሲሆን፣ ወደ 100,000 የሚገመተው የአፄ ምኒልክ ሠራዊት 5,000 ምስል ይሆናል። ጠረጴዛችን ይህን አይችልም። ስለዚህ የጀመረው አንድ ትንሽ ክፍል ብቻ ነው። በዚህም አንድ ነገር ተማረ። ፊታውራሪ ማለት በፊት የሚመራ፣ ቀኝ አዝማች የቀኙን፣ ግራ አዝማች የግራውን ክንፍ የሚያዘምት፣ ደጀን ከኋላ የሚጠብቅ መሆኑን ሲሰማ፣ «እንግዲያው የቅድመ አያቴ ማዕረግ የሰልፍ ስፍራ ነው እንጂ ስም ብቻ አይደለም!» አለ። በባዕድ አገር ለተወለደ ልጅ ይህ ትንሽ ዕውቀት አይደለም።

ሌላም ያየነው ነገር አለ። በአንድ የአሮጌ ዕቃ ሻጭ መስኮት ውስጥ በቀይ ሣጥን የተሰለፉ የእርሳስ ወታደሮች አየን፤ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት የክብር ዘበኞች ነበሩ። በኢጣልያ ወረራ ጊዜ፣ በ1930ዎቹ አጋማሽ፣ የብሪተን ፋብሪካ የኢትዮጵያን የክብር ዘበኛና ተዋጊ፣ ከእነርሱም ጋር የኢጣልያን ወታደር ሠርቶ ለልጆች ሸጦ ነበር። ወገኖቻችን በመርዝ ጋዝ ሲቃጠሉ ሳለ፣ በለንደን አንድ ሕፃን በምንጣፉ ላይ እነርሱን እየገፋ ይጥላቸው ነበር ማለት ነው። ሕፃኑን አንወቅሰውም፤ ምናልባት ለእኛ ወገን አዝኖ እኛን ያሸንፉ አድርጎ ይሆናል። ነገር ግን በመስኮቱ ፊት ቆመን ሳለ፣ ዛሬ በእኛ ገበታ ላይ የሚቆመው የማን አባት ይሆን ብለን አሰብን።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በቤታችን ሦስት ሕግ አወጣን። አንደኛው ስለ ጤና ነው። እርሳስ መርዝ ነው። ዛሬ የሚሠሩት ብዙዎቹ ያለ እርሳስ ቢሆኑም የቆዩት ምስሎች እርሳስ አለባቸው፤ ስለዚህ አሮጌ ምስል የነካ እጁን ይታጠባል፤ ብሩሽ ወደ አፍ አይገባም፤ ሲሞረድ የሚወጣው ትቢያ በእርጥብ ጨርቅ ይነሣል፤ ሥራው ማዕድ በሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ አይሠራም፤ ሕፃን በሚደርስበት ስፍራ ምንም አይቀመጥም። ሁለተኛው አጎታችን ያወጡት ነው። ልጃችን እርሳቸው የዘመቱበትን ጦርነት በገበታ ላይ ለማቆም ፈቃድ ሲጠይቃቸው፣ «ልቅሶው ያልወጣ ጦርነት ጨዋታ አይሆንም፤ እናቶቹ ገና በሕይወት አሉ» አሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚያለቅስለት ሰው ያለው ጦርነት በገበታችን ላይ አይቆምም። ሦስተኛው፣ ጨዋታው ሲያልቅ ምስሎቹ ወደ ሣጥናቸው ከመመለሳቸው በፊት ከሁለቱም ወገን የወደቁት ይቈጠራሉ፤ በሃያም ተባዝተው ቍጥሩ በድምፅ ይነገራል። ያሸነፈውም የተሸነፈውም ያንኑ ቍጥር ይናገራል።

ወዳጆቻችን ለጠየቁን ጥያቄ ያለን መልስ ይህ ነው። ጨዋታው በራሱ ልጅን ደግ አያደርግም፤ ጨካኝም አያደርግም። በቶሎ ተገዝቶ በቶሎ የሚጣል አሻንጉሊት ከሆነ፣ ሰው መውደቁ ምንም እንዳልሆነ ሊያስለምድ ይችላል። ነገር ግን ልጅ የእያንዳንዱን ወታደር ፊት በገዛ እጁ ከቀባ፣ ስሙና ሬጅመንቱ ከየት እንደ ሆነ ካነበበ፣ ውኃውንና ቍስለኛውን ካሰበ፣ በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ «ዐሥር ሺህ ሰው ወደቀ» የሚለውን ቃል ሲያገኝ ዐይኑ ዝም ብሎ አያልፈውም። ይህ እንዲሆን ግን አባትና እናት በጠረጴዛው አጠገብ ሊቀመጡ ይገባል። ልጆቻችሁ እነዚህን ትናንሽ ወታደሮች የሚወዱላችሁ ወላጆች ሆይ፣ እኛ የምንመክራችሁ ሣጥኑን ከመከልከላችሁ በፊት ወንበር ስባችሁ አንዱን አብራችሁ እንድትቀቡ ነው። የ27ኛው ሬጅመንት ሠላሳ አምስት ምስሎች ዛሬ በልጃችን መደርደሪያ ላይ ሁሉም ቆመዋል፤ የውኃው በርሜልም በመካከላቸው አለ።

ቸሩ አምላክ ለአገራችንና ለዓለሙ ሁሉ ሰላሙን ያብዛልን።